የሚስ ካንቱ ልጅ የት ይማራል?

ውሻው የአጥሩን ሽቦ በጥርሱ ይዞ ሲነቀንቅ፣ የኳስ አሰልጣኙ ኮች ቤቶ ቀስ ብሎ ከሚስ ካንቱ ኋላ ተሸሸገ።

"አንቺ ቅደሚ፤ አንቺን ያውቁሻል" አላት።

"ይህን ሁሉ ሥጋ ተሸክመህ ውሻ ትፈራለህ?"

"እሱም እኮ ያየው ሥጋዬን ነው!"

ግራሲዬላ ካንቱ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ስትስቅ ገና አሁን ነበር። ሁለቱም የፓሎማ መካከለኛ ትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ቀይ ቲሸርት ለብሰዋል፤ ሙቀቱ ጀርባቸው ላይ አጣብቆታል። ቅዳሜ ነው። ትምህርት የሚከፈተው ገና ከሳምንት በኋላ ቢሆንም የፓሎማ አስተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ "ልጅዎን አይውሰዱብን" እያሉ ይለምናሉ።

ነገሩ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። የቴክሳስ መንግሥት የትምህርት ቤቶችን የዓመት ውጤት ሲያወጣ ፓሎማ ዳግመኛ "ኤፍ" አገኘ። የትምህርት ቤቱን ስም ስልኩ ላይ የፈለገ ሰው ሁሉ ያን ቀይ ፊደል ያያል። ከፊደሉ ሥር በሒሳብና በንባብ ስንት ልጅ እንዳለፈ ተጽፏል፤ ያለፉት ጥቂት ናቸው። ዝቅ ሲባል ደግሞ ተማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ቤታቸው ስፓኒሽ የሚነገርባቸው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ነፃ ምሳ የሚበሉ የድሃ ልጆች፣ ግማሾቹ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ። ግራሲዬላ ገጹን መጀመሪያ ያየች ዕለት ስልኳን ደፍታ አስቀመጠችው። እሷም በዚያው ትምህርት ቤት የተማረች፣ ያንኑ ምሳ የበላች የሽንኩርት ለቃሚ ልጅ ናት። ውጤቱ ከላይ፣ የልጆቹ ማንነት ከታች ተደርድሮ ስታየው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው የተባለ መሰላት።

ወላጆችም ያንኑ ገጽ እያዩ ልጆቻቸውን ማውጣት ጀምረዋል። የሚወስዷቸው ከካናሉ ማዶ፣ ጥሩ ፊደል ወዳለው ወደ ሊንደን ነው። ልጅ በሄደ ቁጥር በጀቱ አብሮት ይሄዳል፤ በጀት ሲሄድ አስተማሪ ይቀነሳል። ቀድመው የሚወጡት ደግሞ ጎበዞቹ ናቸው። ዳይሬክተሩ ሚስተር ቪላሬያል አስተማሪዎቹን ሰብስቦ "የቀረን አንድ ዓመት ነው። ከዚያ ይዘጉናል" ብሏቸው ነበር።

ከውሻው ያስጣለቻቸው ያሬትሲ ነበረች። ከተጎታች ቤታቸው እየሮጠች ወጥታ አንገቱን ያዘችውና "ሚስ!" አለች፣ ፊቷ በራ። ያሬትሲ ሳሊናስ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ትገባለች። በሒሳብ ፓሎማ ውስጥ የሚስተካከላት የለም። ባለፈው ዓመት ግራሲዬላ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እያስቀረች ለውድድር ስታዘጋጃት፣ ልጅቷ መልሱን አግኝታም ሌላ መንገድ እስክታገኝለት ወደ ቤት አልሄድም ትል ነበር።

እናቷ ኢርማ በዛፉ ጥላ ሥር የላስቲክ ወንበር አውጥታ አስቀመጠቻቸውና በረዶ የተጨመረበት ከርከዴ ቀዳችላቸው። ከሥራ ገና መመለሷ ነው፤ እጇ ሽንኩርት ይሸታል።

"ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ" አለች። "አልዋሽም፣ ሚስ ካንቱ። ሊንደን ተቀብለዋታል። ሰኞ እስከ ቀትር ሄጄ ካልፈረምኩ ቦታውን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል።"

"ሊንደንን እኮ ባለፈው ዓመት በኳስ ድራሻቸውን ነው ያጠፋናቸው" አለ ኮች ቤቶ።

"ልጄ ኳስ አትጫወትም፣ ኮች።"

ኮች ቤቶ ከርከዴውን ጠጣ።

ግራሲዬላ ወንበሯን ወደ ኢርማ አስጠጋች። ዘንድሮ ያሬትሲን ራሷ እንደምታስተምራት፣ ከክፍሏ በላይ ያለውን ሒሳብ እንደምታስጀምራት፣ ሊንደን ብትሄድ ግን ከብዙ ልጅ አንዷ እንደምትሆን ነገረቻት። "ያ ፊደል ልጆቹን አያውቃቸውም፣ ወይዘሮ ኢርማ። የማውቃቸው እኔ ነኝ።" ይህንን ስትል እውነቷን ነበር።

ኢርማ አንገቷን ደፍታ ሰማች። "መሄጃውም ቸግሮኛል" አለች። "ወደዚያ አውቶቡስ የለም። እኔ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ሽንኩርት ማሸጊያው ውስጥ መገኘት አለብኝ። የአክስቷን ልጅ ለምኜው እሺ ብሏል፣ ግን እሱ ዛሬ ያለውን ነገ አይደግመውም።" ቀና ብላ ግራሲዬላን አየቻት። "እኔ አልተማርኩም። አንዱ ይህን ይለኛል፣ ሌላው ያንን። እስቲ አስተማሪነቱን ይተዉትና እንደ እናት ይንገሩኝ። የእርስዎ ልጅ ብትሆን ምን ያደርጉ ነበር?"

ኮች ቤቶ አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ።

መልሱ ከግራሲዬላ አፍ የወጣው ሳትንተባተብ ነው። "የእኔ ልጅ ብትሆን ፓሎማ ነበር የማስገባት።"

ኢርማ ትከሻዋ ሲወርድ ታየ። ለሳምንት የተሸከመችውን ያወረደች ትመስል ነበር። "በቃ። ከእርስዎ ቃል በላይ ምን እፈልጋለሁ? ያሬትሲ፣ ሰማሽ? ከሚስሽ ጋር ነሽ።"

ልጅቷ ውሻውን ለቃ መጥታ ግራሲዬላን አቀፈቻት። ግራሲዬላ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ግን አላወቀችም።

መኪና ውስጥ ገብተው የሰፈሩን መንገድ ሲጨርሱ ኮች ቤቶ መስኮቱን ዝቅ እያደረገ "ዴሚያን ደህና ነው?" አላት።

"ቤቶ፣ እባክህ።"

"ምን አልኩ? ስለ ልጅሽ ጤና ጠየቅሁ።"

"ደህና ነው።"

"ጥሩ።" መስኮቱን መልሶ ከፍ አደረገው። "እኔ ልጅ የለኝም፤ ለመፍረድም አልበቃም። ሁላችንም እኮ እናውቃለን፣ ግራሲ። ማንም አያወራብሽም።"

"ሁላችንም" ሲል ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። እስከዚያች ቀን ድረስ የምታውቀው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

ልጇ ዴሚያን ሊንደን ከገባ አንድ ዓመት አልፎታል። የአስተማሪ ልጅ የፈለገበት ትምህርት ቤት ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ማንንም አላታለለችም፣ ሕግም አልጣሰችም። ባሏ ነዳጅ ቁፋሮ ላይ ስለሚሠራ ከቤት ርቆ ነው የሚሰነብተው፤ "አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ ለእሷ ተወው። እሷም ታውቅ ነበር። ከእሷ ክፍል አጠገብ ያለው የሳይንስ ክፍል ግማሽ ዓመት ሙሉ ያለ አስተማሪ ሲከርም፣ በየሳምንቱ ሌላ ተተኪ እየመጣ ፊልም ሲያሳያቸው በግድግዳው በኩል ትሰማ ነበር። በዚያው ክረምት ስለ ልጇ ፈረመች። ለልጁ "ለባንዱ ነው" አለችው፤ ዴሚያን ትሮምቦን ይነፋል። ለባልደረቦቿ ምንም አላለችም። የልጁ የቤተሰብ ስም የባሏ ስለሆነ "የካንቱ ልጅ" ብሎ የሚያውቀው የለም ብላ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዴሚያንን ከባንድ ልምምድ ወሰደችው። ላብ በላብ ሆኖ፣ ሰማያዊውን የሊንደን ባንድ ቲሸርት እንደለበሰ መኪናው ውስጥ ገባና "ማሚ፣ በረዶ ግዢልኝ፤ ልሞት ነው" አላት። እምቢ የምትልበት ምክንያት አልነበራትም። ድልድዩ አጠገብ ሽሮፕ የፈሰሰበት ፍቅፋቂ በረዶ የሚሸጡ ባልና ሚስት አሉ። ከልጅነቷ ጀምሮ ደንበኛቸው ናት።

ሰልፉ ውስጥ እንደቆሙ ከኋላዋ "ሚስ!" የሚል ድምፅ ሰማች።

ያሬትሲ የታመሪንድ ፍሬ ሽሮፕ የፈሰሰበት በረዶዋን ይዛ ቆማለች፤ አክስቷ መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቃታለች። መጀመሪያ ግራሲዬላን እያየች ሳቀች። ከዚያ ዴሚያንን አየችው። ከዚያ ቲሸርቱን አነበበች።

"ልጅዎ ነው?"

"አዎ" አለች ግራሲዬላ። "ዴሚያን ይባላል።"

"ሰላም" አለ ዴሚያን፣ ምንም ሳይጠረጥር። "ስንተኛ ነሽ?"

"ሰባተኛ ልገባ ነው።"

"እኔም! የት ነሽ?"

"ፓሎማ።"

"እናቴ እኮ እዚያ ነው የምታስተምረው።"

"አውቃለሁ" አለች ያሬትሲ።

ተራው ደረሰና ዴሚያን ሊያዝዝ ወደ መሸጫው መስኮት ዞረ። ያሬትሲ ማንኪያዋን በረዶው ውስጥ ተክላ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ ያልገባትን ጥያቄ በምትጠይቅበት አነጋገር፣ ያለ ቁጣ ጠየቀች።

"ሚስ፣ እኛ ደደቦች ስለሆንን ነው?"

"ምኑ?"

"እሱ ከእኛ ጋር የማይማረው።"

"አይደለም! አይደለም፣ ያሬትሲ። እንደሱ አይደለም።" ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ መናገር ነበረባት። ሰው ሁሉ የሚሰማት ይመስል ግራና ቀኝ አየች።

ልጅቷ ጠበቀቻት። ምንም እንደማይመጣ ስታይ ራሷን ነቀነቀች። "እሺ፣ ሚስ። አይጨነቁ፤ ለእማዬ አልነግራትም" አለችና ወደ አክስቷ መኪና ሄደች።

ግራሲዬላ በአስተማሪነት ዘመኗ ወላጅ ጮኾባታል፣ ተማሪ ሰድቧታል፣ ዳይሬክተር በሰው ፊት ወቅሷታል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ገመናዋን ልትሸፍንላት ቃል ገብታላት አታውቅም። መኪናው ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች።

"ያቺ ልጅ ምን ሆነች?" አለ ዴሚያን።

"ምንም።"

"ፓሎማም ባንድ አለ እንዴ?"

"አለ።"

"ጥሩ ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"ታዲያ ለባንዱ ነው ያልሽኝ?"

ሞተሩን አስነሳች። ልጁ በረዶውን መብላት ትቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ፤ ቀዩ ሽሮፕ እጁ ላይ ሲፈስም አልጠረገውም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ልጇን እናቷ ቤት አድርሳ ብቻዋን ወደ ኢርማ ሄደች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልትመለስ አስባለች። ዝም ብትልስ? ልጅቷ አትናገርም። ኢርማም ደስ ብሏታል። ያሬትሲ ክፍሏ ውስጥ ብትቀመጥ ሌሎቹም ልጆች ይነቃሉ፣ ውጤቱም ከፍ ይላል፣ ምናልባት ትምህርት ቤቱም ይተርፋል። ይህን ሁሉ ለራሷ ስትናገር ቆይታ የኢርማ በር ላይ መድረሷን ያወቀችው ውሻው ሲጮኽ ነው።

ኢርማ ደጅ ላይ የሥራ ቦቲዋን በቧንቧ ውኃ ታጥባለች። ግራሲዬላን ስታይ ፈገግ ብላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ደግሞ ምን እግር ጣለዎ? ይግቡ እንጂ! የበግ ጭንቅላት ሥጋ አለ፣ ትኩስ ነው።"

"አልገባም፣ ወይዘሮ ኢርማ። ትናንት ዋሽቼዎታለሁ።"

ኢርማ ፈገግታዋን ገና አላጠፋችም። "ምኑን?"

"ልጅ አለኝ። የያሬትሲ እኩያ ነው። የሚማረው ሊንደን ነው። ያስገባሁትም እኔ ነኝ።"

ውኃው መፍሰሱን ቀጠለ። ኢርማ ጎንበስ ብላ ዘጋችው። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

"ቁጭ በይ" አለቻት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "እርስዎ" ስትላት ነበር። ግራሲዬላ ለውጡን ሰማችው፤ የላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"አምልጦሽ ነው ወይስ አስበሽበት?"

"አስቤበት ነው።"

"ልጄን ምን ልታደርጊያት?"

"ክፍሌ ውስጥ እንድትቀርልኝ። እሷ ከሄደች ውጤታችን..." ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው።

"ውጤት" አለች ኢርማ። "የኔ ልጅ ለትምህርት ቤቱ፤ ያንቺ ልጅ ላንቺ።"

ያሬትሲ በሩን ከፍታ ወጣች። ከውስጥ ስትሰማ ነበር። "እማዬ፣ እኔ ፓሎማ ነው የምፈልገው።"

"ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም አልጠየቀኝም! ሚስ እዚያ ናት።"

"ሚስ ልጇን ያስቀመጠችበት ትሄጃለሽ" አለች ኢርማ፣ ዓይኗን ከግራሲዬላ ላይ ሳታነሳ። "በየቀኑ ጠዋት ልጅሽን ማን ነው የሚያደርሰው?"

"እኔ።"

"በየት በኩል ነው የምትሄጂው?"

"በካናሉ ድልድይ።"

"በዚህ በኔ ደጅ ማለት ነው።"

"አዎ።"

"እንግዲያው ትቆሚያለሽ። ነገ አብሬሽ ሄጄ እፈርማለሁ። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ልጄን ከልጅሽ ጋር ታደርሻታለሽ። ማታም ትመልሻታለሽ። አንድ ቀን ብትቀሪ፣ ፓሎማ መጥቼ ክፍልሽ ውስጥ፣ ተማሪዎችሽ ፊት ነው የማናግርሽ።"

"አልቀርም" አለች ግራሲዬላ።

"እናያለን።" ኢርማ ቦቲዋን አንስታ ውኃውን አራገፈች። ወደ ቤት ልትገባ ስትል ቆም አለች። "መጥተሽ መንገርሽን አይቻለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ግን አይደለም።"

እናቷ ከገባች በኋላ ያሬትሲ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። "አሁን ከሄድኩ ፓሎማ ይዘጋል፣ ሚስ?" አለች።

"አንቺ ስለሄድሽ የሚዘጋ አይደለም" አለቻት ግራሲዬላ። እርግጠኛ ባትሆንም ይህኛውን ውሸት ለልጅቷ ተወችላት።

ሰኞ ጠዋት ኢርማ ከሥራ አስፈቅዳ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ከኋላ ዴሚያንና ያሬትሲ መጀመሪያ በየመስኮታቸው ዞረው ነበር፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ግን ዴሚያን የትኛዋ አስተማሪ ክፉ እንደሆነች፣ የትኛው ምሳ እንደማይበላ እያንሾካሾከ ይነግራት ጀመር። ኢርማ ፈረመች። ግራሲዬላ ቀዩን ቲሸርቷን ለብሳ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት፤ ያለፈ ሁሉ ደረቷ ላይ ያለውን ስም እያነበበ አለፈ።

ሦስቱንም ወደየቤታቸው መልሳ ፓሎማ ስትደርስ ሚስተር ቪላሬያል ስብሰባ አዳራሹ በር ላይ ወንበር ያስደረድራል። ከሩቅ አይቷት እጁን ዘረጋ።

"ጀግናዬ! ቤቶ ነገረኝ፣ የሳሊናስን ልጅ አስቀርተሻታል። ስሚ፣ ሐሙስ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንቺ ነሽ የምትናገሪው። ረጅም ንግግር አልፈልግም። ለእናትየው ያልሻትን ያንኑ በያቸው። 'የእኔ ልጅ ቢሆን' ያልሻትን።"

"ያሬትሲ ሊንደን ገብታለች" አለች ግራሲዬላ። "አሁን እኔው በመኪናዬ ወስጄ እናቷን አስፈርሜ መምጣቴ ነው።"

ፈገግታው ቀስ ብሎ ከሰመ። ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች እንዳይሰሙ ወደ ጥግ ሳባት። "ምን ነካሽ? በጣም ጎበዟን ልጅ? በመኪናሽ?"

"ልጄ የት እንደሚማር ታውቃለህ፣ አይደል?"

"አውቃለሁ። ያ የግልሽ ጉዳይ ነው።"

"እናትየዋን በግል ጉዳዬ ነው የዋሸኋት።"

ቪላሬያል ግንባሩን አሸ። ክፉ ሰው አይደለም። ከማንም ቀድሞ የሚገባው፣ ከማንም በኋላ የሚወጣው እሱ ነው። የራሱ ሴት ልጆች የተማሩት የት እንደሆነ ግን ፓሎማ ውስጥ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። "ግራሲዬላ፣ ሁለት መቶ ወላጅ ፊት ይህን ካልሽ ሌላ ሰው አያስፈልገንም፤ ራሳችን ዘጋነው ማለት ነው። በቃ አትናገሪ። ቤቶ ይናገራል፤ እሱ ልጅ የለውም።"

ይህን ብሎ ራሱም የተናገረው ገባውና ዓይኑን ወደ ወንበሮቹ መለሰ።

ግራሲዬላ አዳራሹን አየችው። ከፊት ለአስተማሪዎች የተለየ ረድፍ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። ከኋላው ለወላጆች የሚሆኑት ወንበሮች እስከ በሩ ተደርድረዋል።

"ሐሙስ ዴሚያንን ይዤው እመጣለሁ" አለች።

"ለምን?"

"ከወላጆች ጋር ነው የምንቀመጠው። የት ነው የሚማረው ብሎ የጠየቀ ካለ ራሱ ይመልሳል።"

ግራሲዬላ መልሱን ሳትጠብቅ፣ ጉንጯ እንደጋለ፣ ኮሪደሩ ላይ ቀይ የለበሱ ባልደረቦቿን አንድ በአንድ ሰላም እያለች ወደ ክፍሏ ሄደች።